የባግዳዱ ኑሪ ፓሻና የጦር ውሎቹ

በዚህ ዓመት በክርክር ማኅበራችን፣ መንግሥታት የጦር ቃል ኪዳን ሲዋዋሉ የሕዝብን አሳብ መጠየቅ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። እኔም ነገሩን የሚያውቁት ሹማምንት ናቸውና አይገባቸውም ከሚለው ወገን ቆሜ ተሟገትሁ፤ ረታሁም። ከዚያ በኋላ ግን የኢራቁን የኑሪ አል ሰኢድን ታሪክ ባነብ ልቤ አላርፍ ስላለኝ፣ ለአንባብያን በአጭሩ ላቀርበው ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኑሪ በ1888 በባግዳድ ተወለደ። አገሩ በቱርክ ግዛት ሥር ስለ ነበረች በኢስታንቡል የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ የቱርክ መኮንን ሆነ። ኋላ ግን በ1916 በተነሣው የዐረቦች ዐመፅ ገብቶ ከአሚር ፋይሰል ጋር በእንግሊዞች ጎን ተዋጋ። ፋይሰል በ1921 የኢራቅ ንጉሥ ሲሆን ኑሪም አብሮ ከፍ አለ።

በ1930 ጠቅላይ ሚኒስትር እንደ ሆነ ከእንግሊዝ ጋር የ25 ዓመት ውል ተፈራረመ። በዚህ ውል መሠረት ኢራቅ በ1932 ነጻ መንግሥት ሆና ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ፣ እንግሊዝ በምድሯ ላይ ሁለት የአየር ኃይል ሰፈሮች እንዲኖሯት ተፈቀደላት። በዚህ ኑሪን አልነቅፈውም፤ ደካማ አገር ነጻነቷን በአንድ ቀን ሙሉ አድርጋ አታገኝምና። ነገር ግን የባዕድ አይሮፕላን በራሱ ላይ ሲያንዣብብ የሚያይ ሕዝብ ነጻ ወጣህ ቢሉት እንዴት ይመን?

በ1948 በሌላ ጠቅላይ ሚኒስትር ዘመን ያ ውል በአዲስ ሊተካ በእንግሊዝ አገር በፖርትስማውዝ ተፈረመ። ወሬው ባግዳድ ሲደርስ ተማሪዎች ቀድመው ወደ አደባባይ ወጡ፤ ፖሊስም ተኩሶ ብዙ ሰው ሞተ። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ከሞቱት መካከል የኔ እኩዮች ነበሩና። የንጉሡ እንደራሴም ውሉን ለመተው ተገደደ።

ኑሪ ከዚህ የተማረው ሕዝቡን ማስረዳትን ሳይሆን ዝም ማሰኘትን ነው። በ1954 የፖለቲካ ማኅበሮችን አፈረሰ፤ ብዙ ጋዜጦችንም ዘጋ። በየካቲት 1955 የባግዳድን ቃል ኪዳን ከቱርክ ጋር ተፈራረመ፤ በዚያው ዓመት እንግሊዝ፣ ፓኪስታንና ኢራን ገቡበት። ምክንያት አልነበረውም አልልም። ሶቪየት ኅብረትን ይፈራ ነበር፤ ሰፈሮቹም ወደ ኢራቅ እጅ እንዲመለሱ አድርጓል። ግን ይህን ለሕዝቡ የሚነግር የታመነ ጋዜጣ ስላልነበረ፣ ሕዝቡ ቃል ኪዳኑን ሌት ተቀን የሚያወግዘውን የካይሮን ራዲዮ ያዳምጥ ነበር። በክርክሩ ጊዜ ተቃዋሚዎቼ ይህን ቢያነሡብኝ ኖሮ መልስ ባጣሁ! በ1956 ደግሞ ወዳጁ እንግሊዝ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ግብፅን ስትወጋ፣ ኑሪ የተቆጣውን ሕዝብ በወታደራዊ ሕግ ያዘው።

በጁላይ 14 ቀን 1958 ኑሪ ለቃል ኪዳኑ ጉባኤ ወደ ኢስታንቡል ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ሌሊት ወደ ዮርዳኖስ እንዲዘምት የታዘዘ ጦር መንገዱን ወደ ባግዳድ አዙሮ መንግሥቱን ገለበጠ፤ የ23 ዓመቱ ንጉሥ ፋይሰል ዳግማዊም ተገደለ። ኑሪ ከቤቱ አምልጦ፣ በማግሥቱ የሴት ልብስ ለብሶ ሲሸሽ በመንገድ ላይ ታወቀና ተገደለ። ከተቀበረም በኋላ ሕዝቡ ሬሳውን አውጥቶ በከተማው ጎተተው።

በማርች 1959 ኢራቅ በዋና ከተማዋ ስም ከሚጠራው ቃል ኪዳን ወጣች፤ የቀሩትም አባሎች በዚያው ዓመት ስሙን ለወጡት።