ለኮምፒውተር ጥሪ ሥርዓት ያበጀው ሊቅ

ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ በ1930 በኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ መምህር፣ እናቱም የሒሳብ ሰው ነበሩ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ እያጠና በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል የፕሮግራም ጸሐፊ ኾነ። ሙያው ያኔ እንግዳ ነበርና በ1957 ጋብቻውን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ሹሞቹ እንዲህ ያለ ሥራ የለም ብለው ስላልተቀበሉት የፊዚክስ ባለሙያ ተብሎ ተመዘገበ።

በዚያ ዘመን የነበረ ኮምፒውተር አንድ ፊደል አትም ብሎ ዘገምተኛውን የጽሕፈት መኪና ካዘዘ በኋላ እስኪጨርስ ሥራ ፈትቶ ይጠብቅ ነበር። ኤክስ-1 የተባለውን ኮምፒውተር የነደፉት ባልደረቦቹ ብራም ሎፕስትራ እና ካረል ስኮልተን ግን ሌላ መንገድ አሰቡ። ኮምፒውተሩ ስሌቱን ይቀጥል፤ መሣሪያው ሥራውን ሲጨርስ በኤሌክትሪክ ምልክት ይጥራው አሉ። ይህ ጥሪ ኢንተራፕት ይባላል።

ዳይክስትራ ደነገጠ። ጥሪው በየትኛው ቅጽበት እንደሚመጣ አይታወቅም። ስሌቱ ቢዛባ ስሕተቱን ደግሞ ማየት ስለማይቻል ምንጩን ማግኘት አዳጋች ይኾናል። በዚህ ስጋት ውሳኔውን ለሦስት ወራት ያህል አዘገየ፤ በመጨረሻ ግን ባልደረቦቹ አግባቡት።

መፍትሔው የገበሬን ልማድ ይመስላል። አራሽ ከቤት ሲጠራ በሬዎቹን አቁሞ፣ የደረሰበትን ትልም ልብ ብሎ ይሄዳል፤ ሲመለስም ካቆመበት ይቀጥላል። ኮምፒውተሩም ጥሪ ሲደርሰው የደረሰበትን የትእዛዝ ቦታ እና በእጁ ያሉትን ቁጥሮች ያስቀምጣል፤ ጠሪውን ያስተናግዳል፤ ያስቀመጠውን መልሶ አንስቶ ስሌቱን ይቀጥላል። ጥሪ መቀበል አደገኛ በሚኾንበት ጊዜም ጥሪው ለጥቂት ቅጽበት እንዲቆይ ይደረጋል። ዳይክስትራ ይህን የሚያከናውነውን ፕሮግራም ጻፈ፤ በ1959 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘውም በዚሁ ሥራ ነው።

በኋላም በአይንድሆቨን ከተማ ከባልደረቦቹ ጋር በሠራው ሥርዓት፣ ብዙ ፕሮግራሞች አንዱ ሌላውን ሳያውክ እንዲሠሩ ሴማፎር የተባለ ስልት አበጀ። በ1972 የኮምፒውተር ሳይንስ ታላቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበለ። ነሐሴ 2002 እ.ኤ.አ በ72 ዓመቱ በኔዘርላንድስ አረፈ።

ዛሬ ጣታችን የስልካችንን ገጽ ሲነካ የሚነሣው ምልክት፣ ያ ወጣት አጥብቆ የፈራው ጥሪ ነው። ፍርሃቱ አላስቆመውም፤ ጥንቃቄን አስተማረው እንጂ።