ዣን ሄንሪ ፋብር እና የማይታየው ጥሪ

ለብዙ ዘመን የነፍሳት ጥናት ማለት የደረቀ በድን በመርፌ ሰክቶ፣ እግርና ክንፉን ቆጥሮ፣ የላቲን ስም አውጥቶ በሣጥን ማኖር ነበር። ነፍሳቱ በሕይወት ሳሉ እንዴት እንደሚያድኑ፣ እንዴት እንደሚራቡና እርስ በርሳቸው በምን እንደሚጠራሩ በሜዳ ተንበርክኮ የተመለከተ ሰው ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ፈረንሳዊው ዣን ሄንሪ ፋብር የላቀውን ስፍራ ይዞ ይገኛል።

ፋብር በታኅሣሥ ወር 1823 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በደቡብ ፈረንሳይ፣ አቬይሮን በሚባለው አገር፣ ሴን ሌዮን በተባለች መንደር ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። ድኽነት ቤተሰቡን ከከተማ ወደ ከተማ ሲያንከራትተው እርሱም ትምህርቱን እያቋረጠ የቀን ሥራ እስከ መሥራት ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ግን ተወዳድሮ ነፃ የትምህርት ዕድል በማግኘቱ ከአቪኞን የመምህራን ማሠልጠኛ በ1842 ተመረቀ። ከዚያም በካርፓንትራስ፣ በኮርሲካ ደሴትና በአቪኞን እያስተማረ ሒሳብንም፣ ፊዚክስንም፣ ኬሚስትሪንም አብዛኛውን በራሱ ጥረት አጠና።

ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያ ሥራ ስለ ተርቦች ያደረገው ምርመራ ነው። በዘመኑ የታወቀው ሊቅ ሌዮን ዱፉር፣ አንዲት ተርብ ለልጆቿ የምታከማቻቸው ጢንዚዛዎች ሳይበሰብሱ የሚቆዩት መርዟ እንዳይበሰብሱ ስለሚጠብቃቸው ነው ብሎ ነበር። ፋብር ግን ጢንዚዛዎቹ አለመሞታቸውን፣ ይልቁንም ተርቧ የነርቭ ማዕከላቸውን ወግታ ሽባ እንዳደረገቻቸው በ1855 አስረዳ። በማግስቱ ዓመት የፈረንሳይ የሳይንስ ጉባኤ ሽልማት ሰጠው፤ ቻርልስ ዳርዊንም በታላቅ መጽሐፉ ውስጥ የተመልካችነቱን ችሎታ አደነቀ። ይሁንና ፋብር ራሱ የዳርዊንን የዝግመተ ለውጥ ትምህርት እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቀበለም።

የመምህርነት ደመወዝ ቤተሰቡን አላኖረውም። ስለዚህ ፊቱን ወደ ኢንዱስትሪ አዞረ። በአቪኞን አካባቢ ጋራንስ የተባለ፣ ከሥሩ ቀይ ቀለም የሚወጣለት ተክል በሰፊው ይመረት ነበር። ፋብር ቀለሙን አጥርቶ በቀጥታ ለጨርቅ ማቅለሚያ እንዲውል የሚያደርግ ዘዴ ለማግኘት ዓመታት ደከመ፤ ተሳካለትም። የትምህርት ሚኒስትሩ ቪክቶር ዱሩዊ ሊጎበኘው በመጣ ጊዜ እጆቹ በቀለም ቀልተው አገኛቸው። ፋብር በ1868 የክብር ሌጅዮን ኒሻን ተሸልሞ ከንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን ሦስተኛ ጋር ተገናኘ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሁለት የጀርመን ኬሚስቶች ያንኑ ቀለም ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሠርተው አወጡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጋራንስ እርሻና ፋብሪካ ወደቀ፤ የፋብርም ተስፋ አብሮ ወደቀ። ዘዴው ስሕተት አልነበረበትም፤ የሥራው መሠረት የነበረው ጥሬ ዕቃ ብቻ ከዓለም ገበያ ወጣ።

መከራው በዚህ አላበቃም። ልጃገረዶች በተገኙበት የማታ ትምህርት አበባ እንዴት እንደሚዳቀል በማስረዳቱ የቤተ ክህነት ወገኖች ተነሡበት። የተከራየውንም ቤት እንዲለቅ ታዘዘ። አገር ለአገር ሲሰደድ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል 3,000 ፍራንክ አበደረው፤ ፋብርም ኋላ ብድሩን ከፈለ። ወደ ኦራንዥ ከተማ ተዛውሮ ለተማሪዎች የሚሆኑ የሳይንስ መጻሕፍት እየጻፈ ኖረ። በ1877 በዕፅዋትና በነፍሳት ጥናት የሚረዳው ልጁ ዡል በ16 ዓመቱ ሞተበት።

በ1879 በሴሪኛን መንደር አርማስ ብሎ የሰየመውን አንድ ሄክታር ያህል ድንጋያማ ጠፍ መሬት ገዛ። ለገበሬ የማይጠቅመው ያ እሾኻም መሬት ለእርሱ ቤተ ሙከራ ሆነው። በዚያው ዓመት የነፍሳት ትዝታዎቹን የመጀመሪያ ክፍል አሳተመ፤ ዐሥረኛውና የመጨረሻው የወጣው በ1907 ነው።

በአርማስ ካደረጋቸው ምርመራዎች መካከል እጅግ የሚደነቀው የታላቁ ጣዎስ የእሳት እራት ነገር ነው። ይህ በአውሮፓ ካሉት የእሳት እራቶች በትልቅነቱ የሚታወቅ ሲሆን፣ ክንፍ ካወጣ በኋላ ምግብ ስለማይበላ የሚኖረው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በዚያ አጭር ዕድሜ ተጓዳኙን ካላገኘ ዘሩ ይጠፋል። በአንድ የግንቦት ማለዳ አንዲት ሴት የእሳት እራት ከጎጆዋ ወጣች፤ ፋብርም በሽቦ ወንፊት ከደናት። በዚያው ማታ ትንሹ ልጁ ፖል ከመኝታ ክፍሉ እየጮኸ ጠራው፤ ቤቱን ወፍ የሚያህሉ የእሳት እራቶች ሞልተውት ነበር። ከድቅድቅ ጨለማ ውስጥ 40 ያህል ወንዶች መጥተዋል። በስምንት ሌሊት የመጡት 150 ያህል ደረሱ።

በምን አወቁ? በዐይን እንዳይባል ሌሊቱ ጨለማ፣ ቤቱም በዛፍ የተከበበ ነው። ፋብር የወንዶቹን አንቴና ቆርጦ ሞከረ፤ አንቴናቸው የተቆረጠው አብዛኞቹ አልተመለሱም፤ ያልተቆረጠባቸውም ቢሆኑ ከእነርሱ ብዙ አልበለጡም። ዕድሜያቸው አጭር ነውና ፋብር ከዚህ ፈተና መደምደሚያ ሊያወጣ እንደማይችል ሳይደብቅ ጻፈ። በዘመኑ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ መነጋገሪያ ሆኖ ስለ ነበር፣ ሴቲቱ አንድ ዓይነት ሞገድ ትልክ እንደሆነ ጠየቀ። ይህን ለመፈተን በቆርቆሮ፣ በእንጨት፣ በካርቶንና በብርጭቆ ዕቃ አጥብቆ ዘጋባት፤ አንድም ወንድ አልመጣም። ክዳኑን በጥቂቱ ሲከፍተው ግን ጎረፉ። እንግዲህ ጥሪው በቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ነበር።

ማስረጃውን ያጠናከረለት በአካባቢው ብዙም የማይታይ ሌላ የእሳት እራት ነው። ሴቲቱን በብርጭቆ ክዳን ሥር በመስኮት ፊት ለፊት ሲያስቀምጣት፣ የመጡት ወንዶች ዐይናቸው ሥር ያለችውን ትተው ሌሊቱን ያደረችበት ባዶ ዕቃና አሸዋ ላይ ሰፈሩ። ናፍታሊን፣ ነጭ ጋዝና የከረፋ መድኃኒት በዙሪያው ቢያኖርም አልሳቱም። ሽታ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አልነበረም። ሆኖም ያን ያህል ጥቂት ነገር ያን ያህል ርቀት መሙላቱን አእምሮው ሊቀበለው ስላልቻለ፣ ሽታም እንደ ብርሃን ጨረር ሊኖረው ይችላል ወደሚል ግምት አዘነበለ። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ያመነታው ማብራሪያው ላይ ነው።

ፋብር ሲነኳቸው የሚገሙትን፣ ጀርባቸው ጋሻ የመሰለውን ተባዮችም አጥንቷል። ዕንቁላላቸው ክዳን ያለው ትንሽ በርሜል መምሰሉን፣ ጫጩቱም ያን ክዳን ገፍቶ የሚከፍትበት መሣሪያ በራሱ ላይ መሸከሙን እንደ አንድ መካኒክ አድንቆ ገለጸ። ነገር ግን ስዊድናዊው ደ ዪር ከዚሁ ወገን አንዲቱ እናት ልጆቿን ትጠብቃለች ማለቱን ተረት ነው ብሎ ነቀፈ፤ በኋላ ዘመን በተደረገ ምርመራ ግን ደ ዪር እውነተኛ ሆኖ ተገኘ።

በእነዚህ ተባዮች ዘንድ ጠሪው ወንዱ እንደሆነ ፋብር አላየም። ጀርመናዊው አዶልፍ ቡቴናንት ከ500,000 ገደማ የሐር ትል የእሳት እራቶች የመጀመሪያውን የጥሪ ሽታ ለይቶ ያወጣው በ1959 ነው፤ ፌሮሞን የሚለው ስምም በዚያው ዓመት ወጣ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የእርስ በርስ ዝምድና ያላቸው ተባዮች ጥሪያቸው እንዴት እንደሚለያይ ታወቀ። ትውልዱ ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ የሚታመነውና ባቄላንና ጥጥን የሚያጠቃው አረንጓዴው ኔዛራ ቪሪዱላ፣ እንዲሁም የሰሜን አሜሪካው ኪናቪያ ሂላሪስ የሚረጩት አንድ ዓይነት ሁለት ውሁዶችን ነው። ውሁዶቹ የሚለያዩት በአቶሞቻቸው አቀማመጥ ብቻ ሲሆን፣ በኔዛራ ትራንስ የሚባለው ይበዛል፤ በኪናቪያ ግን ሲስ የሚባለው 95 ከመቶ ያህል ይሆናል። ፊደሉ አንድ ሆኖ መልእክቱን የሚለየው መጠኑ ነው። ኔዛራዎች አንድ ተክል ላይ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ሴቲቱ ሰውነቷን በ100 ኸርዝ አካባቢ እያንቀጠቀጠች በግንዱ በኩል ትጣራለች፤ ወንዱም ይመልስላታል። ፋብር በእሳት እራት ላይ የጠረጠረው ሞገድ፣ እርሱ ባሰበው መልክ ባይሆንም፣ ዕንቁላላቸውን ባጠናቸው ተባዮች ወገን ተገኘ።

በ1913 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሬይሞን ፑዋንካሬ አርማስ ድረስ ሄዶ ፋብርን ጎበኘው። ፋብር በጥቅምት ወር 1915 በ91 ዓመቱ ዐረፈ። ዛሬ በብዙ አገር በእርሻና በመጋዘን የሚሰቀለው የፌሮሞን ወጥመድ የሚሠራበት መንገድ፣ እርሱ በሽቦ ወንፊትና በክዳን ያረጋገጠው ነው።