ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ ዘር ሲሰበስብ ኖሮ በረሃብ የሞተው ሳይንቲስት

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ከየትምህርት ክፍሉ አንድ አንድ ሰው በሙያው ትልቅ አሻራ ጥሎ ስላለፈ ሰው እንዲጽፍ ሲጠይቅ፣ የዕፅዋት ሳይንስ ዕጣ ለእኔ ደረሰ። ከአገር ልጅ ብትጽፍ ምን አለበት ያሉኝ የባቻችን ልጆች ነበሩ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አንድ ሩሲያዊ መረጥኩ። ምክንያቱም ይህ ሰው የእኛን ገበሬ እጅ ሥራ አይቶ ለዓለም ሳይንስ የመሰከረ ነው። ሕይወቱ ያለቀበት መንገድ ደግሞ ለወሎ ሰው ባዕድ አይደለም፤ ዘር ምን እንደሆነ፣ ረሃብ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

መጀመሪያ ግን ሰውየው ዕድሜውን የፈጀበትን ጥያቄ ላስቀምጥ። አንድ ሕይወት ያለው ነገር እንዲያድግ የሚያደርገው ምንድን ነው? እንዳያድግ የሚይዘውስ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተመራቂ ይህ ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስንደርስ ጃኬታችንን አውልቀን በክንዳችን ላይ ጣል እንደምናደርግ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ተብለን ተምረናል፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ለእኛ ጃኬት የማውለቅ ጉዳይ ነው። ለተክል ግን ቶሎ ወይም ዘግይቶ የመድረስ፣ ከውርጭ የማምለጥ ወይም በውርጭ የመመታት ጉዳይ ነው። ጦሳ ግርጌ ለገብስ የሚስማማው አየር ማሽላን ያቀጭጨዋል፤ ቦርከና ዳር ማሽላን የሚያስደስተው ሙቀት ለደጋው ገብስ አይመቸውም። ታዲያ ልዩነቱን የሚፈጥረው ዘሩ ነው ወይስ ቦታው? ቫቪሎቭ ይህን በዘፈቀደ ሳይሆን በልክ ለመመለስ የተነሳ ሰው ነበር።

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ነው። አባቱ ከገጠር ድሃ ቤተሰብ ወጥቶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ፊዚክስን መረጠ፤ ኒኮላይ ደግሞ ግብርናን። በሞስኮ የግብርና ተቋም ሲመረቅ የጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ሰብል ስለሚያጠፉ ቀንድ አውጣዎች ነበር። አያችሁ፣ ገና ከጅምሩ የተክልን ዕድገት የሚገታው ምንድን ነው በሚለው ላይ ነበር ዓይኑ። ቀጥሎም አንዳንዱ የስንዴ ዓይነት በዋግ ሲመታ ሌላው ለምን ይተርፋል የሚለውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው የዘረ መል ሊቅ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። የተረዳው ነገር ቀላል ይመስላል፤ በሽታን የመቋቋም ኃይል በዘር ይተላለፋል፤ ስለዚህ ያ ኃይል ያለበትን ዘር ፈልጎ ማግኘትና ማዳቀል ይቻላል። ግን የት ይገኛል?

ፍለጋው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1916 በፋርስና በፓሚር ተራሮች ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ በሳራቶቭ ከተማ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በ1920 እዚያው ሳራቶቭ ላይ ተዛማጅ ተክሎች ተመሳሳይ ልዩነቶችን ያሳያሉ የሚለውን ሕጉን አቀረበ። በአጭሩ እንዲህ ነው፤ አንዱ የስንዴ ዘመድ ፂም ያለውም ፂም የሌለውም ዓይነት ካለው፣ ሌላው ዘመዱም ሁለቱንም ሊኖረው ይገባል፤ ካላየነው ገና አልፈለግነውም ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የቮልጋን አካባቢ ሚሊዮኖችን የፈጀ ረሃብ መታው። ቫቪሎቭ በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ሄዶ ለአገሩ ዘር ሲያሰባስብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘር መሰብሰብ ለእሱ የምርምር ፍላጎት ብቻ አልነበረም፤ ሰው እንዳይራብ የማድረግ ሥራ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ በፔትሮግራድ፣ ኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፣ የአገሪቱን የዕፅዋት ምርምር ተቋም መምራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ያደረገው ሙከራ የደሴና የኮምቦልቻን ጥያቄ በአህጉር ስፋት እንደመጠየቅ ነበር። አንድ ዓይነት የሰብል ዘሮችን በመላ አገሪቱ፣ ከሰሜን ቅዝቃዜ እስከ ደቡብ በረሃ፣ ከመቶ በሚበልጡ ጣቢያዎች ዘርቶ አነጻጸረ። ዘሩ ያው፣ አፈሩና አየሩ ሌላ። አንዳንዱ ጠባይ፣ ለምሳሌ የሚደርስበት ጊዜ፣ ከቦታ ቦታ በእጅጉ ሲለዋወጥ ሌላው ጠባይ የትም ቢዘራ አይነቃነቅም። ተክል የዘሩም የቦታውም ልጅ ነው፤ ግን ቦታው ከዘሩ ውስጥ የሌለ ነገር አያወጣም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ሰውየውን ያስገደለው ይኸው ነው።

ወደ እኛ አገር የመጣው በ1919 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ በባቡር ገብቶ አዲስ አበባ ደረሰ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ አገሩና ስለ አብዮቱም በጉጉት ጠየቁት። የጉዞ ፈቃድ አግኝቶ በበቅሎ ጓዝ ወደ ሰሜን ተነሳ፤ በጎንደርና በአክሱም በኩል አድርጎ ወደ ኤርትራ ወጣ። በየመንገዱ ገበያና ማሳ ሲያይ ቆም ይል ነበር። ከገበሬው ዛላ ይቀበላል፣ በከረጢት ይቋጥራል፣ ቦታውንና ከፍታውን ይመዘግባል። ያየው ነገር አስደነገጠው ማለት ይቻላል። በአንዲት ቁራጭ ማሳ ላይ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ወይን ጠጁ ስንዴ ተደባልቆ ይበቅላል። ገብሱም እንዲሁ። ሌላው መንገደኛ ያልተጣራ ዘር ብሎ የሚያልፈውን፣ እሱ ሀብት ነው አለ። ሕጉ አስቀድሞ ይኖራል ያለውን ፂም የሌለው ዱረም ስንዴም በዚችው አገር አገኘው።

በዚህ ጉዞና በሌሎቹ ላይ ተመሥርቶ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ ቡና የእኛው ናቸው። በስንዴና በገብስ ግን ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አርመውታል፤ የሁለቱ መነሻ መካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ እዚህ የሆነው የገበሬዎቻችን ለሺህ ዓመታት የቆየ የመምረጥና የማባዛት ሥራ ነው። ለእኔ እርማቱ ክብራችንን አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ብዝኃነቱ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ደጋና ቆላን፣ በልግና ክረምትን፣ ውርጭና ዋግን የሚያውቅ እጅ የሠራው ነው ማለት ነው። ቢጫ ድንክ የሚባለውን የገብስ ቫይረስ የሚቋቋመው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ የካሊፎርኒያ ገብስ አምራቾችም ተጠቅመውበታል።

የወሎ ስም ጎልቶ የሚመጣው ቫቪሎቭ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ራመሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን አንድ በአንድ መረመሩ። የሚፈልጉት ላይሲን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል ነው። ነገሩን ለኮምቦልቻ ኢንጂነሮቻችን በሚገባ ቋንቋ ልበለው፦ ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋዩም አሸዋውም ተርፎት ሲሚንቶ ቢያንሰው፣ ግድግዳው የሚቆመው ሲሚንቶው ባለቀበት ነው። ማሽላ የሚበላ ልጅም ሌላው ሁሉ ቢኖረው ላይሲን ካነሰው ዕድገቱ እዚያው ላይ ይገታል። ተመራማሪዎቹ በላይሲን የበለጸጉ ሁለት ዓይነቶች አገኙ፤ ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። ጡት የጣሉ የአይጥ ግልገሎችን ቢመግቧቸው ከተራው ማሽላ በላይ በግልጽ ፈጥነው አደጉ።

የወሎ ገበሬ ግን እነዚህን የመሰሉ ማሽላዎች ቀድሞውኑ ያውቃቸው ነበር። ስማቸውን እዩት እስቲ፤ ወተት በጉንጬ! ፍሬያቸው ሲደርቅ ጭምድድ ስለሚልና ምርታቸው ስለሚያንስ ገበሬው ማሳውን ሁሉ አይሸፍንባቸውም፤ ከሌላው መሃል ጣል ጣል አድርጎ ይዘራና በእሸትነታቸው ጠብሶ ይበላል፣ ለልጆቹም ይሰጣል። ላቦራቶሪ ሳይኖረው ልጅ የሚያሳድገውን ለይቶ ስም አውጥቶለታል። ቫቪሎቭ በበቅሎ አገር ያዳረሰው እንዲህ ያለውን ዕውቀት ፍለጋ ነበር።

ወደ ሕይወቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ወጣት የግብርና ባለሙያ ስሙ ይነሳ ጀመር። በክረምት የሚዘራን ስንዴ ዘር አርጥቦ በብርድ ማቆየት ቶሎ እንዲያብብ ያደርገዋል አለ። ይህ እውነት ነው፤ አንዳንድ ተክሎች ሳምንታት የዘለቀ ብርድ ካላገኙ አያብቡም። ቫቪሎቭም መጀመሪያ ላይ ወጣቱን አበረታቶታል። ችግሩ ሊሴንኮ ከዚያ አልፎ፣ ብርዱ የተክሉን ባሕርይ ለልጅ ልጁ ይለውጣል፣ ዘረ መል የሚባለው ውሸት ነው ማለቱ ነው። ቫቪሎቭ አዲስ ዝርያ ለማውጣት ረጅም ዓመታት ያስፈልጋል ሲል፣ ሊሴንኮ በሁለት በሦስት ዓመት አደርሳለሁ አለ። በረሃብ ለተመታች አገር መሪ የትኛው ጆሮ እንደሚገባ ለመገመት ከባድ አይደለም። ስታሊን ሊሴንኮን ደገፈ። ቫቪሎቭ ከግብርና ሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንትነት እ.ኤ.አ. በ1935 ተነሳ፤ በ1938 ወንበሩን ሊሴንኮ ያዘው። ዝም ቢል ምናልባት ይተርፍ ነበር። ግን ከመቶ በላይ ጣቢያዎች ያሳዩትን ነገር አላየሁም ሊል አልቻለም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ተክል ሲሰበስብ ተይዞ ተወሰደ። ከአሥራ አንድ ወር ምርመራ በኋላ በሰላይነትና በአሻጥር ተወንጅሎ ሞት ተፈረደበት፤ ኋላ ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተቀየረለት። የታሰረው ወጣት መምህር ሆኖ ባስተማረባት በሳራቶቭ ነው። በእስር ቤት ስለ ዓለም ግብርና ታሪክ መጽሐፍ ጻፈ፤ ጽሑፉ ጠፋ። አብረውት ለታሰሩት ሳይንስ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1943፣ በ55 ዓመቱ፣ በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ ሞተ። ሰው እንዳይራብ ሲል አምስት አህጉር የዞረ ሰው አሟሟቱ ይህ ሆነ። ንጹሕ መሆኑ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው።

እሱ ታስሮ ሳለ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከበበች። ከበባው ከ870 ቀናት በላይ ቆየ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አለቀ። በተቋሙ ውስጥ ግን ከ200 ሺህ በላይ የዘር ናሙና ነበር፤ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ ከኢትዮጵያ የሄደውም ጭምር። የቫቪሎቭ ባልደረቦች ዘሩን ከአይጥና ከብርድ እየጠበቁ ተቀመጡ። የሩዙ ኃላፊ በሩዝ ከረጢቶች መሃል ሆኖ በረሃብ ሞተ፤ የኦቾሎኒው ኃላፊ በሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ። ስብስቡን አልበሉትም።

እኛ ይህን ስናነብ ዘወር ብለን ወደ ቤታችን ማየታችን አይቀርም። በ1966ቱም በ1977ቱም ረሃብ ወሎ ዘሯን የበላችባት፣ ወይም በርካሽ የሸጠችባት ጊዜ ነበር። የጎተራው ዘር ካለቀ ዝናቡ ቢመጣ ምን ይዘራል? ደግነቱ በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘረ ሀብት ማዕከል ተቋቁሞ ነበር፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ነው። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው በ1977ቱ ድርቅ የአገር ዘር ከገበሬው እጅ ከመጥፋቱ በፊት እየዞሩ ሰበሰቡ። ከዚያም በሸዋና በወሎ ዘሩ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ የሚጠበቅበትን ሥራ ጀመሩ። ዘር በማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ አየሩ ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም፤ ማሳ ላይ ያለ ዘር ግን ከአየሩ ጋር ይማራል። በ2014ቱ ጦርነት ግቢያችን ሲዘረፍ፣ የዓመታት ስብስብ በአንድ ሳምንት ሊጠፋ እንደሚችል ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ አንድን ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም።

ለዚህ ነው ለዘንድሮው ተገናኞች አንዲት ሐሳብ የማቀርበው። ወደየወረዳችን ስንመለስ፣ ኩታበርም ይሁን ቃሉ፣ ተንታም ይሁን ለጋምቦ፣ ከአባቶችና ከእናቶች ዘንድ ቁጭ ብለን የሚያውቋቸውን የገብስ፣ የማሽላ፣ የስንዴ ስሞች እንጻፍ፤ የቱ ለውርጭ፣ የቱ ለድርቅ፣ የቱ ለልጅ እንደሚሆን እንጠይቅ። ፍሬው እጃቸው ላይ ካለም አንዲት እፍኝ ተቀብለን፣ ቦታና ከፍታ መዝግበን፣ ለትምህርት ክፍላችን እናስረክብ። ቫቪሎቭ ከበቅሎ ላይ ወርዶ ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ እኛ ደግሞ ቋንቋውንም ሰዉንም እናውቃለን።

በሉ፣ ለከርሞው በሰላም ያገናኘን፤ ዘራችንን ይባርክልን።