ዶክተር መላኩ በያንና የሐርለም ጥቁር ክርስቲያኖች

ዛሬ የምንተርክላችሁ የዶክተር መላኩ በያንን ሕይወት ነው። ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

መላኩ በ1900 ተወልደው በሐረር በተፈሪ መኰንን ቤት አደጉ። በ1921 ለትምህርት ወደ ሕንድ ሄዱ፤ በማግሥቱም ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በኦሃዮ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ጥቁሮች በሚማሩበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1935 ሐኪም ሆኑ። ዶሮቲ ሃድሊ የተባለችም ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ሰውን በቆዳው ትለይ ነበር፤ በባቡር፣ በሆቴል፣ ይባስ ብሎም በእግዚአብሔር ቤት። በኒውዮርክ በአንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮች ተለይተው እንዲቀመጡ ስለ ተደረገ፣ በ1808 ጥቁር ምእመናንና ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋዴዎች አብረው ወጥተው የራሳቸውን ቤት እንዳቋቋሙና አቢሲኒያ ብለው እንደ ሰየሟት ቤተ ክርስቲያኒቱ ትተርካለች። ሥርዓቷ ከኛ ይለያል፤ ታቦት የላትም፣ የምታጠምቀውም ሕፃን ሳይሆን አድጎ ያመነውን ነው። ሆኖም በ1935 ኢጣሊያ ጦርነት ስትደግስ፣ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ሕዝብ ከተሰበሰበባቸው ቤቶች አንዷ እርሷ ነበረች።

እንግዲህ ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው እኔ ከባሮች ዘር አይደለሁም ብሎ ራሱን ከዚያ ውርደት ሊያወጣ ይችል ነበር፤ እንዲህ ያሰቡም አልጠፉም። መላኩ ግን ከተናቁት ጋር መቈጠርን መረጡ። (የአሜሪካኑን ወንበር ሰምተን የምንቈጣ የጓሳ አካባቢ ልጆች፣ በመንደራችን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ የሚል፣ ለጋብቻም የሚጸየፍ ሰው ስንሰማ ዝም ማለታችን ለምን ይሆን? እኛ መልስ አላገኘንለትም።)

በ1935 ወደ አገራቸው ተመልሰው በኦጋዴን ግንባር ቁስለኞችን አከሙ። አብራሪውን ጆን ሮቢንሰንን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጣ የመንገድ በር የከፈቱለትም እርሳቸው ናቸው። በ1936 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ በዚያው ዓመት የጥቁር አሜሪካውያንን እርዳታ እንዲያስተባብሩ ወደ ኒውዮርክ ተላኩ። እዚያ ሲደርሱ በቀለማቸው ምክንያት ሆቴል ተከለከሉ፤ ሐኪምነታቸውም የንጉሥ መልእክተኛነታቸውም አልጠቀማቸውም። ሐርለም ግን ተቀበለቻቸው።

በመንዝና በመርሐ ቤቴ አርበኞች ከነአበበ አረጋይ ጋር በዱር በገደል ሲዋጉ፣ መላኩ ደግሞ ከባሕር ማዶ እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። በነሐሴ 1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለ ጋዜጣም አወጡ። ገንዘብ ያዋጣ የነበረው ራሱ ሥራ አጥቶ የሚቸገር ሕዝብ ነበር፤ ሐርለም ሄዶ የማያውቀው የመንዝ ገበሬ ይህን ሁሉ አልሰማም።

ድካሙ ጤናቸውን ጐዳው። በግንቦት 1940፣ ገና በ40 ዓመታቸው፣ በኒውዮርክ ዐረፉ። አዲስ አበባ ነጻ የወጣችው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

በ1948 ለፌዴሬሽኑ አባላት በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ተሰጠ። በ1954 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አሜሪካን ሲጐበኙ ወደ አቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሄደው የኢትዮጵያ መስቀል አበረከቱላት።