ግሬይ ዋልተርና ሽቦ የሚላላባቸው ኤሊዎቹ

ዊልያም ግሬይ ዋልተር ሐኪም አልነበረም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው፣ ሕክምና የምናጠና ተማሪዎች ስለ አንጎል በሚሰጠው ትምህርት ላይ ስሙን እየሰማን ብዙዎቻችን ነጭ ካፖርት ለብሶ በሽተኛ ሲመረምር የኖረ ሰው አድርገን ስለምናስበው ነው። እሱ ግን ዕድሜውን ያሳለፈው በሽቦ፣ በራዲዮ ቫልቭና በካቻቢቴ መካከል ነው። በሰው አንጎል ውስጥ የተደበቀውን ዕጢ የፈለገው እጅና የመጫወቻ ኤሊ ሽቦ የጠገነው እጅ አንድ እጅ ነበር። የሕይወቱን ታሪክ በዚህ እትም ለአንባብያን ለማቅረብ የመረጥነውም ስለዚህ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ዋልተር በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1910 በአሜሪካ በካንሳስ ከተማ ተወለደ። አባቱ እንግሊዛዊ፣ እናቱ አሜሪካዊት ሲሆኑ ሁለቱም በጋዜጠኝነት ሙያ የተሠማሩ ነበሩ። በ1915፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ ልጁም በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤትና በኋላ በካምብሪጅ በኪንግስ ኮሌጅ ተማረ። ነርቭ ምልክት የሚያስተላልፈው እንዴት እንደሆነ ማጥናት የጀመረው በዚያ ነው። ታላቁን የሩሲያ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭንም በወጣትነቱ የመገናኘት ዕድል አግኝቷል። በካምብሪጅ ለምርምር ለመቅረት የጠየቀው ቦታ ግን ስላልተፈቀደለት ኑሮውን ፍለጋ ወደ ሎንዶን ሄደ። ያን ጊዜ ቦታውን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ስለ አንድ ነርቭ ብቻ ሲጽፍ የሚኖር ጸጥተኛ ምሁር ይሆን ነበር ብለን እንገምታለን።

በ1929 ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም በራስ ቅል ላይ በተለጠፉ ኤሌክትሮዶች አማካይነት የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ እንደመዘገበ አስታውቆ ነበር። ብዙ ሰው አላመነውም። በ1934 ካምብሪጅ ውስጥ ኤድሪያንና ማቲውስ ነገሩ እውነት መሆኑን ሲያረጋግጡ ግን የብዙ ሊቃውንት ሐሳብ ተለወጠ። ዋልተር በርገርን ለማየት ወደ የና ከተማ ሄደ፤ ከዚያም በሎንዶን በሞዝሊ ሆስፒታል በፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ጎላ ሥር ሆኖ መሣሪያውን በራሱ እጅ እየሠራ ሥራውን ቀጠለ።

በ1936 ያገኘው ነገር ስሙን አስጠራው። የአንጎል ዕጢ ራሱ በኤሌክትሪክ በኩል ሲታይ ዝምተኛ ነው፤ በዙሪያው ያለው የተጎዳ የአንጎል ክፍል ግን ዝግ ያለ ትልቅ ሞገድ ያወጣል። ዋልተር ይህን ሞገድ ዴልታ ብሎ ሰየመው። በራስ ቅል ላይ በልዩ ልዩ ቦታ በተቀመጡ ኤሌክትሮዶች ሞገዱን እያነጻጸረ፣ ቀያሽ ሁለትና ሦስት ቦታ ቆሞ የሩቁን ተራራ ቦታ እንደሚያገኘው ሁሉ፣ ዕጢው የት እንዳለ የራስ ቅል ሳይከፈት ለማመልከት ቻለ። የራጅ ኮምፒውተር ምርመራ ከመምጣቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ዝግ ያለ ትልቅ ሞገድ የሚያወጣው የተጎዳ አንጎል ብቻ አይደለም። በደንብ ያልተለጠፈ ኤሌክትሮድ፣ የበሽተኛው ላብ፣ የዓይኑ መንቀሳቀስ፣ የላላ ሽቦ፣ እነዚህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ዴልታን የሚመስል መስመር ይሥላሉ። ከግድግዳው የሚመጣው የመብራት ኃይልም በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ የራሱን ጥልፍ ይጨምርበታል። እኛም በልምምድ ላይ ሳለን ይህን ዓይነቱን ወረቀት አይተናል፤ ካላወቁት በጣም ያስደነግጣል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰው ዴልታን ባየ ቁጥር መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት የታመመው ሰውየው ነው ወይስ ሽቦው የሚለውን ነው። መልሱን የተሳሳተ እንደሆነ አንድ ጤነኛ የራስ ቅል ያለ ምክንያት ሊከፈት ይችላል። ዋልተር ለብልሽት ያለው ዓይን የተሳለው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነው፤ ኤሊዎቹን ለመረዳትም ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

በ1939 ጎላና ዋልተር በብሪስቶል ወደ ተከፈተው የበርደን የነርቭ ጥናት ተቋም ተዛወሩ። ዋልተር ሠላሳ ዓመት ያህል የሠራው በዚያ ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በኤሌክትሪክ ንዝረት የአእምሮ ሕመምተኞችን የማከም ሙከራ በበርደን ተደረገ፤ በሥራው ከተካፈሉት አንዱ እሱ ነበር። በ1946 ደግሞ ከቪቪያን ዳቪና ከሐሮልድ ሺፕተን ጋር ሆኖ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን በአንዳንድ ሰው አንጎል ላይ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሞገድ እንደሚቀሰቅስ አሳየ። ዛሬ የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ለአንጎል ሞገድ ምርመራ ሲተኛ ከፊቱ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሚበራለት ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ኤሊዎቹ እንምጣ። ዋልተርን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይህ ነበር፤ የአንጎል ኃይል የሚገኘው ከሕዋሳቱ ብዛት ነው ወይስ እርስ በርስ ከተያያዙበት መንገድ? በዛሬው ግምት በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ ይህን ሁሉ ሽቦ ቀጥሎ ማየት አይቻልም። እሱ ግን ነገሩን ገለበጠው። ሁለት ሕዋሳት ብቻ ቢኖሩና በብልሃት ቢያያዙ ምን ያህል ጠባይ ያሳያሉ አለና ከ1948 ፋሲካ እስከ 1949 ገና ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ባለቤቱ ከሆነችው ከቪቪያን ዳቪ ጋር፣ ሁለት የሚሄዱ መኪናዎች ሠራ። ከጦርነት የተረፈ ዕቃ፣ ከአሮጌ የደወል ሰዓትና ከጋዝ ቆጣሪ የተፈታ ጥርስ ሁሉ ገብቶባቸዋል። ስማቸውንም ኤልመርና ኤልሲ አላቸው። ኤልሲ በእኛ ጆሮ ኤሊ የሚለውን ቃል ማስታወሷ እንዲሁ አጋጣሚ ነው።

እያንዳንዷ ኤሊ ሦስት ጎማ፣ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ቫልቭ፣ ሁለት ሬሌና አንድ ብርሃን የሚያይ ዓይን ነበራት። ዓይኑ ከፊተኛው ጎማ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ስለተተከለ ጎማው ወደ ዞረበት ሁሉ ይመለከታል። ብርሃን በሌለበት ዘንጉ ሳያቋርጥ ይዞራል፤ ኤሊዋም እየተሽከረከረች አካባቢውን ታስሳለች። መጠነኛ ብርሃን ስታይ መሪው ይቆምና በቀጥታ ወደዚያ ትገሠግሣለች። በጣም ስትቀርብና ብርሃኑ ሲበረታባት ደግሞ ፊቷን ታዞራለች። ዛጎሏ አንድ ነገር ሲነካ ኮንታክት ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ብርሃኑን ትታ መግፋትና መታጠፍ፣ መግፋትና መታጠፍ ትጀምራለች፤ እንቅፋቱን እስክታልፍ ድረስ። ባትሪዋ ሲደክም ኃይለኛ ብርሃን መፍራቷን ትተው ስለነበር መብራት ወደ ተሰቀለባት ጎጆዋ ገብታ ባትሪዋን ትሞላለች። በውስጧ የተጻፈ ትእዛዝ የለም፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው የሽቦው አያያዝ ብቻ ነው።

ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። ጠባይዋ በሽቦዋ ላይ ያለ ፍጥረት ሽቦዋ ሲበላሽ ጠባይዋ ይበላሻል። ኤልመርና ኤልሲ ደግሞ እምነት የማይጣልባቸው፣ በየጊዜው እጅ የሚፈልጉ መኪናዎች ነበሩ። ብልሽታቸውን በሕክምና ተማሪ ዓይን ብናየው ብዙ ያስተምራል። የዓይኗ ሽቦ ቢበጠስ ኤሊዋ አትቆምም፤ መብራት በሞላበት ክፍል ውስጥ ሆና በጨለማ እንዳለች ስትሽከረከር ትውላለች። የዛጎሏ ኮንታክት ተጣብቆ ቢቀር፣ ባዶ ሜዳ ላይ ግድግዳ የነካች ይመስል መግፋትና መታጠፏን አትተውም፤ መብራት ብታሳዩአትም አታይም። ባትሪው ቢደክም ደግሞ ሽቦው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ፈሪዋ ደፋር ትሆናለች። ከሁሉ የሚከፋው የሚገጥምና የሚለቅ ሽቦ ነው። የሚዞረውና የማይዞረው ክፍል በሚገናኙበት ቦታ አንድ ኮንታክት ላላ ካለ ኤሊዋ አንዴ ጤነኛ፣ አንዴ በሽተኛ ትሆናለች፤ ለምርመራ ስትገለበጥ ደኅና፣ ወለል ላይ ስትመለስ ሕመምተኛ። ሆስፒታል ሲደርስ ሕመሙ የሚጠፋበትን በሽተኛ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ችግር አይስተውም።

አስቸጋሪው ነገር ያልተጠበቀ ጠባይ ሁሉ ብልሽት አለመሆኑ ነው። ዋልተር መሪውን የሚያዞረው ሞተር መሥራቱን ለማወቅ ሲል በኤሊዋ ግንባር ላይ ትንሽ አምፑል አድርጎ ነበር፤ ለጠጋኙ ምልክት እንድትሆን እንጂ ሌላ ዓላማ አልነበራትም። አንድ ጊዜ ግን ኤሊዋ በመስተዋት ፊት ስታልፍ የራሷን መብራት አየች። ብርሃን ስላየች መሪው ቆመ፤ መሪው ሲቆም አምፑሏ ጠፋች፤ አምፑሏ ስትጠፋ የሚታይ ብርሃን ስለሌለ መሪው ዞረ፤ አምፑሏም እንደገና በራች። እንዲህ ብልጭ ድርግም እያለችና እየተወዛወዘች በመስተዋቱ ፊት መደነስ ያዘች። ቸኩሎ ካቻቢቴ የሚያነሣ ሰው ሽቦዋ ላልቷል ብሎ ይፈታት ነበር። ዋልተር ግን ቁጭ ብሎ ተመለከተ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በእንስሳ ላይ ብናይ ኖሮ ራሱን ያውቃል እንል እንደነበርም አመለከተ። በእኛ አስተያየት ይህ ጥቂት ያጋነነው ነው፤ ነገር ግን ጠባይን ከውጭ አይቶ ብቻ በውስጡ ያለውን ለሚተረጉም ሰው የተተከለ ጥሩ ወጥመድ መሆኑን አንክድም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መላቀቃቸውን ስላልተው በተቋሙ የሚሠራው ዋረን የተባለ ብልህ ቴክኒሺያን በ1951 በተሻለ አሠራር ስድስት ኤሊዎች ሠራ። በዚያው ዓመት በተደረገው የብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ ለሕዝብ ታዩ። ብዙውን ጊዜ በታሪክ የሚነሣው ሐሳቡን ያመነጨው ሰው ነው፤ ሽቦውን በደንብ የበየደው ሰው ስም ግን በኅዳግ ይቀራል። ዋረን ባይኖር ኖሮ ዛሬ በሙዚየም የሚታይ ኤሊ ላይኖር ይችል ነበር።

ቀጥሎ ዋልተር ኮራ የተባለ፣ የፓቭሎቭን ውሻ የሚመስል የመማሪያ መሣሪያ ሠራ። ፊሽካና ብርሃን አንድ ላይ ደጋግመው ቢያቀርቡለት ብርሃን ሳይኖር ለፊሽካው ብቻ መልስ መስጠት ይማራል። እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ሲያስተምሩት ግን ይታወካል፤ ወይ ያለ ልክ ይነሣሣል፣ ወይ ይደነዝዛል። ዋልተር ለዚህ ሦስት መፍትሔ ዘረዘረ። ትዝታው እስኪጠፋ ድረስ አርፎ እንዲቆይ መተው፣ ኃይሉን አጥፍቶ እንደገና ማብራት፣ ወይም አንዱን መስመር ጨርሶ ቆርጦ መጣል። የአእምሮ ሐኪሞችም በዘመኑ ያሏቸው ዘዴዎች እንቅልፍ፣ ንዝረትና ቀዶ ጥገና መሆናቸውን ለማመሳከር አልዘነጋም።

ይህ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በብሪታንያ የመጀመሪያዎቹ የፊት አንጎልን መስመር የመቁረጥ ቀዶ ጥገናዎች የተደረጉት እሱ በሚሠራበት በዚያው በበርደን ነው፤ ውጤቱም በ1941 ታትሟል። ዛሬ ይህ ቀዶ ጥገና በብዙ አገር የተተወ ሲሆን፣ ንዝረቱ ግን በማደንዘዣ እየታገዘ ለከባድ ድባቴ እስካሁን ይሠራበታል። ዋልተርን ብናደንቅም እዚህ ላይ አንከተለውም። ኮራ መስመሩ ቢቆረጥ ሽቦውን መልሶ መበየድ ይቻላል። በሰው አንጎል ውስጥ የተቆረጠውን ማንም አልበየደውም፤ በሽተኛውም እንደ ኮራ ዝም ሲል ዳነ ማለት አይደለም።

ስለ ፖለቲካው አጭር ቃል እንጨምር፤ ጠያቂ እንደማይጠፋ እናውቃለንና። ዋልተር እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ ለኮሙኒስቶች የሚያደላ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ አናርኪስቶች የተጠጋ ሰው ነበር። ከ1949 ጀምሮ የወጣት ሳይንቲስቶች ማኅበር በሆነው በሬሾ ክበብ ውስጥ ከአለን ቱሪንግ ጋር አባል ሆኖ ይከራከር ነበር። በ1953 አንጎልን ለሰፊው ሕዝብ የሚያስረዳ ታዋቂ መጽሐፍ አሳተመ፤ የኤሊዋም የሽቦ ንድፍ በዚያው በመጽሐፉ መጨረሻ ይገኛል።

ከሥራው ሁሉ በሳይንስ ዘንድ የበለጠ የተከበረው የ1964ቱ ነው። አንድ ሰው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሰምቶ ቁልፍ እንዲጫን የሚያዝዘውን ሁለተኛ ምልክት ሲጠባበቅ በአንጎሉ ላይ በዝግታ የሚነሣ ጥቂት ማይክሮቮልት የሆነ ሞገድ ይታያል፤ የመጠበቅ ሞገድ ልንለው እንችላለን። ይህን ያህል ደካማና ዝግተኛ ነገር ከኤሌክትሮድ መንሸራተትና ከዓይን እንቅስቃሴ ለይቶ ማውጣት ሽቦን ሲያሳድድ ለኖረ ሰው የተገባ ሥራ ነበር።

በ1970 ዋልተር በሞተር ስኩተር ሲሄድ አምልጦ ከሚሮጥ ፈረስ ጋር ተጋጨ። አንድ ዓይኑ ጠፋ፤ አንጎሉም ክፉኛ ተጎዳ። ከሞት ቢተርፍም እንደ ቀድሞው ለመሆን አልቻለም። በሜይ 6 ቀን 1977 በልብ ሕመም ዐረፈ።

ከዋረን ስድስት ኤሊዎች አንዷ በሎንዶን የሳይንስ ሙዚየም፣ ሌላዋ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ትገኛለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኦወን ሆላንድ የተባለ ተመራማሪ የተረፈችውን ኤሊ መርምሮ እዚያው ብሪስቶል ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር አምሳያዎቿን ሠርቶ እንደገና ወለል ላይ እንዲሄዱ አድርጓል። ምሕንድስና የምታጠኑ ወንድሞችና እኅቶች ንድፉን ብትፈልጉት መጽሐፉ በብዙ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አለ። ቫልቭ ማግኘት ያስቸግራል፤ በትራንዚስተር ግን ይሠራል። የዓይኗን ሽቦ አጥብቃችሁ በይዱት፤ መስተዋትም አዘጋጁ።