የንጎንግ ተራራ ጥላ፤ የካረን ብሊክሰን ሕይወትና የአስፈሪ ተረቶቿ ምንጭ

ማታ እሳት ዳር ተሰብስቦ ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ የሚነገር ተረት ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ልጆች ሳለን ተረቱ ሲያልቅ ወደ ደጅ መውጣት እንፈራ ነበር፤ ይሁን እንጂ በማግሥቱ ማታ ያንኑ ተረት እንዲደግሙልን አያቶቻችንን እንለምናለን። ሰው የሚያስፈራውን ነገር ፈልጎ የሚያዳምጠው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለልጆች ብቻ የሚቀርብ አይደለም። በከተማ የሚኖረውም፣ በግንባር የሚያድረውም ሰው ፍርሃትን በየመልኩ ያውቀዋል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኳን ስትመረምር የኖረችውን፣ በጎረቤታችን በኬንያ ከናይሮቢ ከተማ አጠገብ 17 ዓመት የተቀመጠችውን የዴንማርክ ደራሲ የካረን ብሊክሰንን የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እንገልጻለን።

ካረን የተወለደችው ሚያዝያ 17 ቀን 1885 ከኮፐንሃገን በስተ ሰሜን በባሕር ዳር በምትገኘው ሩንግስተድ፣ ሩንግስተድሉንድ በሚባለው የቤተሰቧ ርስት ነው። አባቷ ቪልሄልም ዲነሰን የጦር መኰንን ነበር። ዴንማርክ በ1864 ከፕሩስያና ከኦስትሪያ ጋር ባደረገችው ጦርነት ተዋግቷል፤ ኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች መካከል ኖሯል፤ ተመልሶም ስለ አደን ኑሮ የጻፈው መጽሐፍ ስም አትርፎለታል። ልጁን ካረንን ይዞ በጫካ እየተዘዋወረ የጦርነቱንና የጉዞውን ታሪክ ያጫውታት ነበር። ዳሩ ግን በ1895 ራሱን በገመድ አንቆ ሞተ። ካረን ያን ጊዜ ገና 10 ዓመት አልሞላትም። የመጀመሪያው ተረት ነጋሪዋ አለ አንድ ቃል ማብራሪያ ጠፋባት። ቤተሰቡ ስለ ጉዳዩ በግልጽ አይናገርም ነበርና ሕፃኒቱ በደንብ በተስተናገደ ማዕድ፣ በጨዋ ንግግርና በተወለወለ ቤት ውስጥ ስሙ የማይነሣ አንድ ሙት አብሮ ተቀምጦ እንደሚኖር ገና በልጅነቷ ተረዳች። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንሻለን፤ ኋላ በድርሰቶቿ ውስጥ እናገኘዋለንና።

በወጣትነቷ በኮፐንሃገን የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማረች። ከ1907 ጀምሮም አንዳንድ አጫጭር ታሪኮችን በዴንማርክ መጽሔቶች ላይ አወጣች። የተጠቀመችበት የብዕር ስም ኦሲዮላ የሚል ሲሆን ይህም በፍሎሪዳ የአሜሪካን ጦር የተፋለመው የሴሚኖል ሕዝብ መሪ ስም ነው። ታሪኮቹ ስለ መናፍስትና ስለ ቤተሰብ ምሥጢር የሚያወሱ ነበሩ። ነገር ግን ዝናን አላመጡላትም፤ እርሷም ብዙም ሳትቆይ መጻፍን ተወች።

በጥር ወር 1914 ሞምባሳ ወደብ ላይ ከመርከብ ወርዳ የስዊድን ባላባት የሆነውን ዘመዷን ብሮር ብሊክሰንን አገባች። በቤተሰቧ ገንዘብም ከናይሮቢ በስተ ደቡብ ምዕራብ በንጎንግ ተራራ ግርጌ የቡና እርሻ ተቋቋመ። እርሻው እየሰፋ ሲሄድ ወደ 6,000 ኤከር፣ በእኛ የቀድሞ አለካክ ወደ 60 ጋሻ ደረሰ። ከዚህም ቡና የተተከለበት 600 ኤከር ያህል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። መሬቱ የቅኝ ገዥው መንግሥት ለአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ካከፋፈለው ምድር አንዱ ነበር። በላዩ ይኖሩ የነበሩት ኪኩዩዎች በትውልድ አገራቸው ጢሰኛ ተብለው፣ ጎጆ ቀልሰው ጥቂት መሬት ለማረስ በዓመት 180 ቀን ለእርሻው ባለቤት እንዲሠሩ ይገደዱ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳ ጊዜ በኬንያ የነበሩት እንግሊዞች በዛሬይቱ ታንዛንያ ከነበሩት ጀርመኖች ጋር ተዋጉ። ካረንም በማሳይ ምድር ለሰፈረው ጦር በበሬ ጋሪዎች ስንቅና ዕቃ አድርሳለች። አንድ ሌሊት በሬዎቹን አንበሳ በደፈራቸው ጊዜ በእጇ የነበረው ጅራፍ ብቻ ነበር፤ እርሱንም እያጮኸች አንበሳውን እንዳባረረችው ጽፋለች። ከዚህ አንበሳ ይልቅ የከፋው ግን በዓይን የማይታይ ነበር። ከጋብቻዋ አንድ ዓመት ያህል በኋላ የቂጥኝ በሽታ ከባሏ እንደ ተጋባባት ታወቀ። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበርና ለሕክምና ወደ ዴንማርክ ተመልሳ ሜርኩሪና አርሴኒክ ያለባቸው ብርቱ መድኃኒቶች ተሰጧት። ሕመም እስከ ዕለተ ሞቷ አልለያትም። ከባሏ ጋር በ1921 ተለያዩ፤ በ1925ም በሕግ ተፋቱ። እርሻውን የማስተዳደሩ ኃላፊነት በእርሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

እነሆ ተረቶቿ የበሰሉት በዚህ ጊዜ ነው። የቤቷ አዛዥ የነበረው ሶማሌው ፋራህ አደን ከመጣችበት ዕለት ጀምሮ እስከ መጨረሻው አልተለያትም። በፋራህ ቤተሰብ አማካይነት የሶማሌን ሴቶች ተረት ሰማች። ኪኩዩዎችም የራሳቸውን አፈ ታሪክና ስለ ሙታን ያላቸውን እምነት አወጉላት። ከመጻሕፍት በኩል ደግሞ የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችን፣ መጽሐፍ ቅዱስን፣ ሼክስፒርን፣ የአይስላንድን የጥንት ጀግኖች ታሪክና የአገሯን ልጅ የአንደርሰንን ተረቶች ታውቅ ነበር። በአስፈሪ ልብ ወለድ ረገድ ጀርመናዊው ሆፍማንና አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ቀዳሚዎቿ ናቸው። የስኮትላንዱ ስቲቨንሰንም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም የአንዲት ገጸ ባሕርዩን ስም ሆን ብላ ወስዳ ተጠቅማበታለች። ነገር ግን መጽሐፍ ብቻውን ደራሲ አያደርግም፤ አድማጭ ያስፈልጋል። አድማጩ ዴኒስ ፊንች ሃተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝና የአውሮፕላን አብራሪ ነበር። ይህ ወዳጇ ከአደን ተመልሶ ወደ እርሻው በመጣ ቁጥር እሳቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ አዲስ ተረት እንድትነግረው ይጠይቃታል። እርሷም እርሱ በማይኖርበት ጊዜ ተረቱን ስታወጣ ስታወርድ ትሰነብትና ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ትተርክለት ነበር። ስለዚህ ድርሰቶቿ ከወረቀት በፊት በአንደበት የተፈተኑ ናቸው።

እርሻው ግን አልበጀም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ለቡናው ከፍታው በዝቶ ነበር። ድርቅና የዋጋ መውደቅ ተደራረቡ፤ የቡና ማዘጋጃው ፋብሪካም ተቃጠለ። በመጨረሻ በ1931 እርሻው ተሸጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ፊንች ሃተን ይበርባት የነበረችው ትንሽ አውሮፕላን ቮይ ላይ ወድቃ ሞተ፤ በንጎንግ ተራራ ላይም ተቀበረ። ካረን ከመሄዷ በፊት የመጨረሻ ወራቷን ያዋለችው ጢሰኞቹ እንዳይበተኑ በናይሮቢ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደጅ በመጥናት ነበር። በስተኋላም በዳጎሬቲ የደን ክልል በአንድነት የሚሰፍሩበት ቦታ ተፈቀደላቸው። እርሷ 46 ዓመት ሞልቷት፣ ገንዘቧን፣ ጤናዋንና ወዳጇን አጥታ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች።

ከዚህ በኋላ ምን ታድርግ? ወንድሟ ቶማስ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከካናዳ ጦር ጋር ተሰልፎ በ1918 በፈረንሳይ ምድር ለፈጸመው ጀብዱ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የቪክቶሪያ መስቀልን የተሸለመ ወታደር ነው፤ መጽሐፏን እስክትጨርስ ሊረዳት ቃል ገባላት። እርሷም በአባቷ የሥራ ክፍል ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ጻፈች። ለንደን ላይ መጽሐፉ ተቀባይ አጣ። በ1934 ግን ሰባት የጎቲክ ተረቶች በሚል ርእስ ኒውዮርክ ታትሞ እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ። በሽፋኑ ላይ የሰፈረው የደራሲው ስም ኢሳክ ዲነሰን የሚል የወንድ ስም ነበር። ኢሳክ ወይም ይስሐቅ በዕብራይስጥ የሚስቅ ማለት መሆኑ ይታወቃል። ያን ያህል መከራ ያየች ሴት የሳቅን ስም መምረጧ ዝም ብሎ የሆነ አይመስለንም።

ጎቲክ የሚለው ቃል በሥነ ጽሑፍ አሮጌ ግንብን፣ ገዳምን፣ የተደበቀ ኃጢአትንና የሙታንን መመለስ የሚያወሳውን የድርሰት ዓይነት ያመለክታል። ካረን ይህን የቆየ መልክ ብትይዝም አሠራሯ የራሷ ነው። አንደኛ፣ ታሪኮቿን የምታስቀምጠው ከዘመኗ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ርቃ ነው። የራሷን ሐዘን በራሷ ስም አትናገርም፤ የሩቅ ዘመን ልብስ ታለብሰዋለች። ሁለተኛ፣ በተረት ውስጥ ሌላ ተረት ታስገባለች፤ አንባቢም እንደ ሌሊት መንገደኛ አንዱን በር ከፍቶ ሌላ በር ያገኛል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ በጩኸትና በደም አታስፈራም። ከተረቶቿ በአንዱ ኤልሲኖር በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ሁለት ያረጁ እኅትማማቾች በክረምት ሌሊት እራት ቀርቦላቸው ይቀመጣሉ። ከብዙ ዓመት በፊት የባሕር ወንበዴ ሆኖ የተሰቀለው ወንድማቸው ይገባና አብሯቸው ያወጋል። ማንም አይጮኽም፤ ስለ ጥንቱ ፍቅርና ስለ ባከነ ዕድሜ በጨዋነት ይነጋገራሉ። የሚያስፈራውም ይኸው ጨዋነት ነው። በሌላው ተረት አንዲት የተከበረች የሴቶች ገዳም አለቃ ከዛንዚባር የመጣች ጦጣ አለቻት። በታሪኩ ፍጻሜ አለቃይቱና ጦጣዋ መልክ ለመልክ ይለዋወጣሉ፤ አንባቢም ከሁለቱ እስካሁን ሲያዝና ሲናዝዝ የቆየው የትኛው እንደነበር ይጠራጠራል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተው ሕልመኞች የተባለው ተረት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1863 በሙሉ ጨረቃ ከላሙ ወደ ዛንዚባር በምትጓዝ ባለ ሸራ የዐረብ ጀልባ ላይ ነው። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሚራ ጃማ የተባለ ስመ ጥር ተረት ነጋሪ ሲሆን አፍንጫውና ጆሮዎቹ የተቆረጡ ናቸው። ይህ ሰው በቀድሞ ዘመን ሰውን ሁሉ በፍርሃት የሚያንቀጠቅጥ ተረት ይናገር ነበር። አሁን ግን ራሱ መፍራትን ስለ ተወ አዲስ ተረት መፍጠር እንደማይችል ለጓደኞቹ ይገልጻል። በእኛ አስተያየት የደራሲዋ የሥራ ሚዛን እዚህ ላይ ይገኛል። ፍርሃት የደካማ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ሰው ገና የሚወደውና የሚሳሳለት ነገር እንዳለው የሚያሳይ ነው። የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው አይፈራም፤ ነገር ግን ተረትም አይኖረውም። ካረን አፍሪካን ካጣች በኋላ ሚራ ጃማን ላለመሆን የጻፈች ይመስለናል።

በ1937 ስለ ኬንያ ኑሮዋ የሚተርከው መጽሐፏ ወጣ። በ1940 ጀርመኖች ዴንማርክን ሲይዙ በአገሯ ነበረች። የክረምት ተረቶች የተባለውን መድበሏን ረቂቅ ወደ ስዊድን ወስዳ በስቶክሆልም በነበሩ ዲፕሎማቶች በኩል ወደ ውጭ ላከችው። መጽሐፉ ለአሜሪካ ወታደሮች በኪስ በሚያዝ ትንሽ እትም መታደሉን ያወቀችው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። በየግንባሩ ያነበቡት ወታደሮች የላኩላት ደብዳቤዎች እጅግ ደስ አሰኝተዋታል። በወረራው ዘመን በ1944 ደግሞ ፒየር አንድሬዜል በሚል ሌላ የብዕር ስም አንድ አስፈሪ ረጅም ልብ ወለድ አሳተመች። ታሪኩ ሁለት ወላጅ አልባ ልጃገረዶችን ያስጠጉ አንድ ቄስና ሚስቱ በውስጣቸው ልጃገረዶችን የሚሸጡ ወንጀለኞች ሆነው መገኘታቸውን ያወሳል። በጊዜው የነበሩ ብዙ አንባብያን በቄሱ ፈገግታ ውስጥ የወራሪውን ፊት አዩ።

የመጨረሻ ዘመኗ ከሕመም ጋር ትግል ነበር። የሕመሙን ሥቃይ ለማስታገሥ የአከርካሪዋ ነርቭ ተቆረጠ፤ በ1955 የጨጓራዋ ከፊል በቀዶ ሕክምና ወጣ። ምግብ አልረጋላት እያለ ተኝታ ታጽፋቸው በነበሩ ተረቶች ሁለት መድበሎችን በ1957 እና በ1958 አወጣች። አሜሪካዊው ኸሚንግዌይ በ1954 የኖቤልን ሽልማት ሲያገኝ ለዚህ ክብር ከሚገባቸው መካከል እርሷን ጠርቷል። መስከረም 7 ቀን 1962 በተወለደችበት ቤት በ77 ዓመቷ አረፈች፤ በግቢው ውስጥ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀበረች።

ስለ እርሷ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት አይደለም። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ አፍሪካውያንን በፍቅር እያየች ዝቅ አድርጋ የሣለች የሰፋሪዎች ደራሲ ናት ሲል አጥብቆ ነቅፏታል። ይህ ነቀፌታ ቀላል ሆኖ የሚታለፍ አይደለም፤ ስለ ውበቱ የጻፈችለት ምድር የማን እንደነበረ ተናግረናልና። በሌላ በኩል ከሕፃንነቱ የእግር ቁስል አስታምማ ያዳነችውና በወጥ ቤቷ ስሙ የታወቀው ኪኩዩው ካማንቴ የራሱን ትዝታ ተናግሮ በ1975 በመጽሐፍ ወጥቶለታል። እንግዲህ ስለዚያ እርሻ የባለቤቲቱ ቃል ብቻ አይደለም የቀረው። ቤቷ ከ1986 ጀምሮ የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች አንዱ ክፍል ሲሆን አካባቢውም ካረን እየተባለ የሚጠራ የናይሮቢ ሠፈር ነው። ከበረንዳው ላይ የንጎንግ ተራራ አራት ጫፎች ይታያሉ።

ጭራቁ እውነት አለመኖሩን ስናድግ እናውቃለን። አያት መሞቷ፣ ቤት መፍረሱ፣ ወዳጅ ሳይመለስ መቅረቱ ግን እውነት ነው። ካረን ብሊክሰን እነዚህን እውነተኛ ፍርሃቶች በአንድ ገበታ ዙሪያ አስቀምጣ ስም ሰጠቻቸው፤ የሚናገሩትንም በትዕግሥት አዳመጠቻቸው። ማታ እሳት ዳር ተረት የነገሩን ሽማግሌዎችም ሥራቸው ይኸው እንደነበረ ዛሬ እንረዳለን።