ደረቱን ያላስመረመረው ሐኪም

አንቶን ቼኮቭን ብዙዎቻችን የምናውቀው በአጫጭር ልቦለዶቹ ነው። ሰውዬው ግን ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲያስለው ደም ተፋ። ገና 24 ዓመቱ ነው። ደሙ የጉሮሮ ነው ብሎ አለፈው። በ1889 ወንድሙ ኒኮላይ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት እንኳ አልተመረመረም።

ፈሪ ነበር እንዳትሉ። በ1890 ሳይቤሪያን አቋርጦ የእስረኞች ደሴት ሳካሊን ድረስ ሄዷል፤ ያውም ብዙውን መንገድ በፈረስ ጋሪ! በ1892 ሜሊኾቮ መንደር ገብቶ ገበሬዎችን በነፃ ማከም ያዘ። ሕመምተኞች ከንጋት ጀምሮ ደጁ ላይ ይሰለፋሉ። ኮሌራ ሲያሰጋ 25 መንደሮችን ያለ ደመወዝ ተረከበ። የሰውን ደረት ሲያዳምጥ ይውላል፤ የራሱን ግን ለማንም አይሰጥም።

ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው። ያኔ ለቲቢ መድኃኒት የለም፤ ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። የሚታዘዘው ዕረፍት፣ ምግብና ሞቃት አገር ነበር። በሽታው ስም ከወጣለት ሥራው ሁሉ ይቆማላ!

በ1897 ሞስኮ ውስጥ ሬስቶራንት እራት ሊበላ እንደተቀመጠ ደም ከአፉ ጎረፈ። ክሊኒክ አስተኙት፤ ሁለቱም ሳንባዎቹ ተነክተዋል። ሕክምናውን እንዲተውና ወደ ደቡብ እንዲሄድ ታዘዘ። ያልታ ከተመ። በ1901 ተዋናይቷን ኦልጋ ክኒፐርን ቢያገባም፣ እሷ ሞስኮ መድረክ ላይ፣ እሱ ያልታ ሆነው ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በደብዳቤ ነበር።

በ1904 ጀርመን፣ ባደንቫይለር ውስጥ ሌሊት ሐኪም ተጠራለት። በዚህ ጊዜ ውጤቱን የተናገረው ታካሚው ነው፤ እየሞተ መሆኑን ነገረው። ሐኪሙ ሻምፓኝ አዘዘለት። ቼኮቭ ብርጭቆውን ጨርሶ በጎኑ ተኛ። 44 ዓመቱ ነበር።